ከገበያው ቁልቁል ወደ ገዳሙ፦ ቤሪ ሴንት ኤድመንድስን በአንድ ቀን በእግር ለመጎብኘት

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሰፎክ አውራጃ የምትገኘው ቤሪ ሴንት ኤድመንድስ ከሎንዶን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የምትጎበኝ የገበያ ከተማ ናት። አብዛኛው እንግዳ ከባቡር ወርዶ በቀጥታ ወደ ገዳሙ የአትክልት ቦታ ይሄዳል፤ አበባውን ያያል፣ ፍርስራሹ አጠገብ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ሻዩን ጠጥቶ ይመለሳል። የአበባው ውበት አይካድም፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ የገባ ሰው ያ ሁሉ ግንብ ለምን እንደ ተሠራና እነማን እንዳፈረሱት ሳይረዳ ይወጣል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ጉብኝቱ ከገበያው ይጀመር፣ ቁልቁል ወደ ገዳሙ ይወረድ፣ ታላቁ የገዳም በርም መግቢያ መሆኑ ቀርቶ መውጫ ይሁን። ገበያውም ገዳሙም የአንድ ጌታ ሀብት ስለነበሩና ኋላም በሁለቱ መካከል ደም ስለ ፈሰሰ፣ አንዱን ሳያዩ ሌላውን መረዳት ያስቸግራል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከመሄድ በፊት አንድ ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። የምሥራቅ አንግሊያ ንጉሥ የነበረው ኤድመንድ በ869 በዴንማርክ ወራሪዎች እጅ ተገደለ። ገድሉ እንደሚተርከው ክርስትናውን አልክድም በማለቱ ከዛፍ ጋር ታስሮ በቀስት ተወጋ፣ ራሱም ተቆርጦ ጫካ ውስጥ ተጣለ፤ ወገኖቹ ሲፈልጉትም አንድ ተኩላ ራሱን በፊት እግሮቹ መካከል ይዞ ሲጠብቅ አገኙት። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል ከነአንበሶቻቸውና ከነነብሮቻቸው እያየ ላደገ ሰው ይህ ተኩላ እንግዳ አይሆንበትም። ተኩላው ዛሬም የከተማዋ አርማ ላይ ስላለ፣ ታሪኩን የማያውቅ ሰው ዘውድ የደፋ ራስ የያዘ አውሬ ሲያይ ግራ መጋባቱ አይቀርም። የንጉሡ ዐፅም ወደዚህ ስፍራ ከመጣ በኋላ፣ ዴንማርካዊው ንጉሥ ክኑት በ1020 የቤኔዲክት ሥርዓት መነኮሳትን ተከለበት፤ ቀጥሎም ንጉሥ ኤድዋርድ የምዕራብ ሰፎክን ምድር ከነዳኝነቱ ለገዳሙ ሰጠ። ጉልት የሚለውን ቃል ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩን ለማስረዳት ሐተታ አያሻም፤ ከተማዋ፣ ገበያዋ፣ ወፍጮዋና ፍርድ ቤቷ ሳይቀሩ የአበምኔቱ ጉልት ነበሩ። ኤድመንድም ቅዱስ ጊዮርጊስ በ14ኛው መቶ ዓመት ቦታውን እስኪወስድ ድረስ የእንግሊዝ ጠባቂ ቅዱስ ሆኖ ይከበር ነበር።

ቀኑን በተመለከተ ምርጫው ጠባብ ነው። ገበያው የሚውለው ረቡዕና ቅዳሜ ስለሆነ ከሁለቱ አንዱን መያዝ ያስፈልጋል፤ የእኔ ምርጫ ረቡዕ ነው። ቅዳሜ ሕዝቡ ይበዛል፣ በአብያተ ክርስቲያናቱም ሠርግ ሊያጋጥም ይችላል፣ በዚያ ላይ ቅዳሜና እሑድ የሀዲድ ጥገና በባቡር ፈንታ አውቶቡስ የሚያሳፍርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ረቡዕ ግን የጾም ቀን መሆኑን የሚያስብ ሰው ምሳውን አስቀድሞ ያስብበት፤ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነፃ የሆነው ምግብ በዚያ አገር ‹ቪጋን› ተብሎ ስለሚጻፍበት በገበያውም በምግብ ቤቱም ማግኘት አይከብድም። ወሩ ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ውስጥ ቢሆን ቀኑ ይረዝማል። በክረምታቸው የሄደ ሰው ግን ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ በጨለማ እንደሚጓዝ ይወቀው። ሙዚየሞቹ የሚከፈቱባቸው ቀናትና ሰዓታት በየወቅቱ ስለሚለዋወጡ፣ ከመነሣት በፊት በነጋታው የሚከፈተውንና የማይከፈተውን በየድረ ገጻቸው ማረጋገጥ ግድ ነው።

ከሎንዶን ሁለት የባቡር መንገዶች አሉ። አንደኛው ከሊቨርፑል ስትሪት ተነሥቶ ኢፕስዊች ወይም ስቶውማርኬት ላይ ባቡር መቀየር ሲሆን፣ ሁለተኛው ከኪንግስ ክሮስ ተነሥቶ ኬምብሪጅ ላይ መቀየር ነው፤ በሁለቱም በኩል የሚፈጀው ጊዜ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከጠዋቱ የሥራ ሰዓት ግፊያ በኋላ የሚያገለግለው ትኬት ከመደበኛው ይረክሳል፤ ሬልካርድ የሚባለው የቅናሽ ካርድ ያለው ደግሞ ከዋጋው አንድ ሦስተኛው ይቀነስለታል። ትኬቱ ሲገዛ ስሙ ተሟልቶ መጻፉን ማየት ያስፈልጋል፤ በማንቸስተር አቅራቢያ ቤሪ ተብላ የምትጠራ ሌላ ከተማ አለች፣ የሁለቱም ስም አጻጻፉ አንድ ነው። ይህን የምናገረው አንድ ጊዜ ስልኬ ላይ ቸኩዬ የተሳሳተችውን መርጬ ስለማውቅ ነው፤ ዋጋው ቢያስደነግጠኝ ተመልሼ ባላይ ኖሮ ወደ ሌላው የአገሪቱ ጫፍ ተጓዥ ነበርኩ። ጫማው ሶሉ ወፍራም ይሁን፤ የገዳሙ ሣር በማለዳ ይረጥባል፣ የመቃብሩ መንገድም ያንሸራትታል። ሰኔም ቢሆን ስስ የዝናብ ልብስ ከቦርሳ አይጥፋ።

ባቡሩ ወደ ከተማዋ ሲቃረብ በመጀመሪያ የሚታየው ገዳም ወይም ግንብ አይደለም፤ ከ1925 ጀምሮ የሚሠራው የስኳር ፋብሪካ ታላላቅ ማከማቻዎችና ጢሱ ናቸው። ስኳር የሚወጣበት ሥራ ሥር (ሹገር ቢት) ከሚሰበሰብበት ከመከር ጀምሮ በክረምቱ ወራት የተቀቀለ ሥራ ሥርና የአፈር ሽታ የተቀላቀለበት ጣፋጭ ነገር ጣቢያው ድረስ ይመጣል። ከጣቢያው እስከ መሐል ከተማ በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ነው። ኖርዝጌት ስትሪትን ይዞ ወደ ደቡብ የሄደ ሰው መጨረሻ ላይ ከገዳሙ በር ፊት ለፊት ስለሚወጣ፣ ከዚያ ሳይደርሱ በስተቀኝ ከሚታጠፉት መንገዶች በአንዱ ሽቅብ ወደ ኮርንሂል፣ ማለትም ወደ እህል ገበያው አደባባይ፣ መታጠፍ ይገባል።

ገበያው ዛሬ የሚሸጠው አትክልት፣ ዓሣ፣ ዳቦ፣ አይብ፣ አበባ፣ ልብስና የስልክ ሽፋን ነው፤ በዚህ ረገድ ከሌላው የእንግሊዝ ገበያ የሚለየው ነገር የለም። የሚለየው ቦታው ነው። በፈረንሳይ የተወለደውና የነገሥታት ሐኪም የነበረው አበምኔት ባልድዊን ከ1065 እስከ 1097 ገዳሙን ሲያስተዳድር፣ የቀድሞውን ትንሽ ገበያ ከቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ደቡብ አንሥቶ ወደዚህ ከፍታ አዛወረው፤ ከገበያው እስከ ገዳሙም ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶች ተቀየሱ። በ1086 የተጠናቀረው የንጉሥ ዊልያም የግብር መዝገብ፣ በንጉሥ ኤድዋርድ ዘመን ይታረስ በነበረው መሬት ላይ አሁን 342 ቤቶች እንዳሉበት ይመዘግባል። በሃያ ዓመት ውስጥ እርሻው ከተማ ሆነ ማለት ነው፤ ከእያንዳንዱ መደብና ከሚገባው ጭነት ሁሉ የሚሰበሰበው ቀረጥም ወደ ገዳሙ ይገባ ነበር። የጎዳናዎቹን ስም እያነበቡ መዘዋወር ስለዚህ ጥቅም አለው፤ ኮርንሂል እህል፣ በተርማርኬት ቅቤ፣ ስኪነር ስትሪት ደግሞ ቆዳ ሠሪዎች የነበሩበትን ቦታ ያመለክታሉ።

ከአደባባዩ ዳር የቆመው በባልጩትና በጥርብ ድንጋይ የታነፀ ባለ ሁለት ጣሪያ ቤት ሞይዚስ ሆል ይባላል። በ1180 አካባቢ የተሠራ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ እስር ቤት፣ የድሆች መጠለያ፣ የፖሊስ ጣቢያና የባቡር ዕቃ ማስረከቢያ ሆኖ አገልግሎ ከ1899 ጀምሮ ሙዚየም ሆኗል። መግቢያው በክፍያ ነው፤ ለእኔ ግን በከተማዋ ውስጥ ከሚከፈለው ሁሉ ይህኛው አይቆጭም። ከምድር ቤቱ ይጀምሩ፤ ወፋፍራም አምዶቹና ቅስቶቹ ነጋዴ በዚያ ዘመን ሀብቱን ከእሳትና ከሌባ ለመጠበቅ ምን ያህል እንደሚደክም ያሳያሉ። ሕዝቡ የሚሰበሰበው ግን በአንድ የመስታወት ሣጥን ዙሪያ ነው። ዊልያም ኮርደር የተባለ ሰው በ1827 ወዳጁን ማሪያ ማርተንን ገድሎ በአንድ ጎተራ ወለል ሥር ቀበራት፤ በሚቀጥለው ዓመት በዚችው ከተማ ብዙ ሺሕ ሕዝብ እያየው በስቅላት ተቀጣ፣ የሙግቱ ታሪክ የተጻፈበት አንድ መጽሐፍም በገዛ ቆዳው ተጠረዘ። መጽሐፉ ትንሽ ነው፣ ቡናማ ነው፣ ጠርዙ ተፍቋል፤ መግለጫውን ያላነበበ ሰው በበግ ቆዳ ከተጠረዘ አሮጌ መጽሐፍ አይለየውም። ልጆች ይዞ የሄደ ወላጅ ወደዚያ ሣጥን ከመቅረቡ በፊት ቢያስብበት ጥሩ ነው። ለሙዚየሙ አንድ ሰዓት ይበቃል።

በአቅራቢያው ያሉትን ሌሎች ነገሮች እያለፉ ማየት ይቻላል። በ1860ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው የእህል ግብይት አዳራሽ በውጭ በኩል ቤተ መንግሥት ይመስላል። ‹ነትሼል› የሚባለው መጠጥ ቤት በብሪታንያ ካሉት ትናንሾቹ አንዱ በመሆኑ ይታወቃል፤ ወርዱ ሁለት ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ አምስት ሜትር እንኳ የማይሞላ ሲሆን፣ በ1984 ግን 102 ሰዎችና አንድ ውሻ ተጨናንቀው ገብተውበታል። ከጣሪያው ላይ የደረቀ ድመት ተንጠልጥሏል። ከበሩ ላይ ሆኖ ማየቱ ይበቃል፤ ውስጡ ሦስት ሰው ከቆመ አራተኛው መታጠፊያ አያገኝም።

ከዚያ ወደ ጊልድሆል ስትሪት ይሻገሩ። ጊልድሆል የከተማው ሰዎች ማኅበር ይሰበሰብበት የነበረው አዳራሽ ነው፤ የበሩ ቅስት ከ13ኛው መቶ ዓመት የቆየ ነው። ከውስጡ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአየር ቅኝት በጎ ፈቃደኞች የጠላትን አውሮፕላኖች እየተከታተሉ በካርታ ላይ ያንቀሳቅሱበት የነበረው ክፍል እንዳለ ተጠብቋል። የሚከፈተው በተወሰኑ ቀናት ብቻ ስለሆነ፣ ተዘግቶ ቢያገኙት የበሩን ቅስት አይተው ይለፉ። ለአሁኑ ጉዳያችን የሚጠቅመው ከዚህ ያለፈ ነው፤ ከተሜው በአበምኔቱ ላይ ሲያጉረመርም የኖረውና በኋላም ያመፀው እንደዚህ ባሉ የማኅበር አዳራሾች ውስጥ ተሰብስቦ ነው።

አሁን የቀኑ ዋና እርምጃ ይመጣል። ከጊልድሆል ስትሪት ወደ ቸርችጌት ስትሪት ይታጠፉና በመንገዱ ራስ ላይ ቆም ይበሉ። ጎዳናው ቁልቁል ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ከታች ጫፉ ላይ ኖርማን ታወር የሚባለው ካሬ ግንብ ቆሞ ይታያል። ባልድዊን መንገዱን የቀየሰው ከግንቡ ባሻገር ካለው የገዳሙ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን መሠዊያ ጋር አንድ መስመር እንዲሆን ነው። ዛሬ ከግንቡ ጀርባ ሰማይ ብቻ ነው የሚታየው፤ በዚያን ዘመን ግን ከገበያ ቅቤ ሸጦ የሚወርድ ገበሬ ፊት ለፊቱ ከዚህ ግንብ ኋላ እጅግ የሚበልጥ ሌላ ሕንፃ ተደርድሮ ያይ ነበር። የማን መሬት ላይ እንደሚነግድ ማንም ሊነግረው አያስፈልገውም ነበር። መንገዱን በዝግታ ይውረዱት። በስተግራ ያለውና በ1711 የተሠራው የቀይ ሸክላ የጸሎት ቤት ክፍት ከሆነ ገባ ብለው ከፍ ያለውን የመስበኪያ ሰገነት ይመልከቱ።

ኖርማን ታወር ከ1120 እስከ 1148 ባለው ጊዜ ውስጥ በአበምኔት አንሰልም ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ ለገዳሙ ቤተ ክርስቲያን መግቢያ በር፣ አጠገቡ ላለው ለቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የደወል ቤት ነበር፤ ደወሎቹ ዛሬም ይደወላሉ። ዘጠኝ መቶ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ሕንፃ በዚህ ሁኔታ ሲገኝ ብርቅ ነው። በቅስቱ ሥር ሲያልፉ ቀና ብለው ይመልከቱ፤ ግድግዳው ምን ያህል እንደ ወፈረ የሚታወቀው ከውስጥ ነው።

ከቅስቱ ወዲያ ያለው ሰፊ መቃብር ነው። በመካከሉ በ1300 አካባቢ የተሠራና ከመቃብር የወጡ ዐፅሞች ይከማቹበት የነበረ፣ ጣሪያው የፈረሰ ትንሽ የጸሎት ቤት በብረት አጥር ተከቦ ይገኛል። በግድግዳው ላይ ከተለጠፉት ጽሑፎች አንዱን ፈልገው ያንብቡ፤ በነሐሴ 1785 የማታ ጸሎቷን እየደገመች ሳለ መብረቅ ስለ ገደላት የዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚናገር ነው። ጽሑፉ ከካቶሊክ ወላጆች መወለዷንና በምግባር ማደጓን ይናገራል። ዝናብ ፊደሎቹን እያደበዘዛቸው ስለሆነ፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ማንበብ ይቀላል።

በመቃብሩ ደቡብ ጫፍ ያለችው ቅድስት ማርያም ከእንግሊዝ ታላላቅ የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ናት፤ ለእርሷ ከአርባ ደቂቃ ያላነሰ ይያዝ። በእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት ጫማ አይወለቅም፣ ወንዶች ግን ባርኔጣ ማውለቃቸው የተለመደ ነው፤ ቅዳሴ ወይም ቀብር ላይ ከደረሱ ከኋላ ቆሞ መጠበቅ ወይም ቆየት ብሎ መመለስ ይገባል። መግቢያው በነፃ ነው፣ በሩ አጠገብ ግን የመባ ሣጥን አለ፤ እነዚህ ጣሪያዎች የሚጠገኑት ከዚያ በሚገኝ ገንዘብ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ወደ ውስጥ እንደ ገቡ ቀና ይበሉ። በእንጨት ጣሪያው ላይ ግራና ቀኝ አሥራ አንድ ጥንድ መላእክት ክንፋቸውን ዘርግተው በሰልፍ ወደ መሠዊያው ይሄዳሉ። በጣም ከፍ ያሉ ስለሆኑ ፊታቸውን ለማየት ትንሽ የሩቅ ማሳያ መነጽር ወይም የሚያቀርብ የስልክ ካሜራ ያስፈልጋል።

ከዚያ በስተቀኝ ወዳለው ወደ ጆን ባሬት መቃብር ይሂዱ። ባሬት በ1467 የሞተ ባለጸጋ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ በሕይወቱ ሳለ ባዘጋጀው መቃብር ላይ የተቀረፀው ምስል ግን ካባ የለበሰ ጌታ ሳይሆን ቆዳው ከአጥንቱ የተጣበቀ ሬሳ ነው። ከራሱ በላይ ያለው ጣሪያ በከዋክብት ያጌጠ ሲሆን፣ በከዋክብቱ መካከል ትናንሽ የመስታወት ስባሪዎች ተሰክተዋል፤ ከሥር ቆሞ ራስን ትንሽ ቢያንቀሳቅሱ አንዱ ይበራል፣ ሌላው ይጠፋል። ሻማ በሚነድበት ጊዜ ምን ይመስል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ከመሠዊያው በስተግራ ደግሞ የሄንሪ 8ኛ እህት የማሪ ቱዶር መቃብር አለ። የፈረንሳይ ንግሥት የነበረችው ማሪ በ1533 አርፋ በገዳሙ ተቀብራ ነበር፤ ወንድሟ ገዳሙን ሲዘጋው ዐፅሟ ወደዚህ ፈለሰ። ንግሥት ቪክቶሪያ ለመታሰቢያዋ የቀለም መስኮት ሰጥታለች፣ መቃብሯ ግን ወለሉ ላይ ያለ ተራ ንጣፍ ድንጋይ ስለሆነ ሳያስተውሉት እግር ይዞት ሊያልፍ ይችላል።

ቀጥሎ ያለው ካቴድራል የቀድሞው የቅዱስ ያዕቆብ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሕንፃው በ1503 በጆን ዋስቴል እጅ ተጀመረ፤ በ1914 ሀገረ ስብከቱ ሲመሠረት ወደ ካቴድራልነት ከፍ አለ። 46 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ የተጠናቀቀው በ2005 ሲሆን፣ በድንጋይና በኖራ በጥንቱ አሠራር ስለ ታነፀ አይቶ ዕድሜውን በትክክል የሚገምት ሰው አላጋጠመኝም። ከካቴድራሉ ውጭ በ1976 ኤሊዛቤት ፍሪንክ የሠራችው የንጉሥ ኤድመንድ ሐውልት ቆሟል፤ ጎልማሳ ንጉሥ ሲጠበቅ ቀጭን ወጣት ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ፍርስራሹ ይገባል፤ መጀመሪያ ግን ከመቃብሩ ሳይወጡ የታላቁን ቤተ ክርስቲያን የምዕራብ ፊት ይመልከቱ። ወርዱ 75 ሜትር ገደማ የነበረው ይህ ግድግዳ ጥርብ ድንጋዩ ተገፎ የውስጡ ባልጩትና ኖራ ብቻ ቀርቶ ገደል መስሏል። ከገደሉ ውስጥ መስኮት፣ መጋረጃ፣ የአበባ ማሰሮና የጢስ መውጫ ብቅ ይላሉ። ሰዎች በፈረሱት ቅስቶች ውስጥ ቤት ሠርተው ይኖራሉ፤ ስለዚህ ፎቶግራፍ ሲያነሡ የሰው መኖሪያ መሆኑን አይርሱ።

ከምዕራቡ ፊት እስከ ምሥራቁ ጫፍ ቤተ ክርስቲያኑ 154 ሜትር ያህል ይረዝም ነበር። ፍርስራሹ በየቦታው የቆመ ጉብታ ስለሚመስል ያለ ካርታ መግባት ከንቱ ድካም ነው፤ የገዳሙን የወለል ንድፍ አስቀድመው አትመው ይያዙ ወይም በየቦታው ከቆሙት ሰሌዳዎች ይከተሉ። በመጀመሪያ የሚፈለጉት የመሠዊያው አካባቢ ታላላቅ ምሰሶዎች ናቸው። በአንደኛው ላይ ያለው ጽሑፍ በ1214 የእንግሊዝ መኳንንት በቅዱስ ኤድመንድ መሠዊያ ፊት ተሰብስበው፣ ንጉሥ ጆን መብታቸውን በጽሑፍ እንዲያጸና ለማስገደድ እንደ ማሉ ይናገራል፤ ማግና ካርታ የተባለው ያ የመብት ሰነድ የንጉሡ ማኅተም ያረፈበት በሚቀጥለው ዓመት ነው። በአገራችን የላሊበላ ዘመን ገደማ መሆኑ ነው። መሐላው ተፈጸመ የሚባለው በቅዱሱ በዓል በኅዳር 20 ሲሆን፣ ይህ በእኛ ብዙውን ጊዜ ኅዳር 11 ይውላል። ከምሰሶዎቹ በስተሰሜን በ1903 ገደማ በቁፋሮ የተገኙት የአበምኔቶች መቃብሮች አሉ፤ ከተማዋን በብርቱ እጅ ያስተዳደረው አበምኔት ሳምሶንም በመካከላቸው ነው። የኤድመንድ ዐፅም ራሱ የት እንዳለ አይታወቅም፤ አትክልቱ ውስጥ የቴኒስ ሜዳ በነበረበት፣ ጥንት የመነኮሳቱ መቃብር በነበረው ስፍራ ይሆናል የሚሉ ብዙዎች ናቸው።

ገዳሙ በ1539 ተዘጋ። እርሳሱ ከጣሪያ ተነሣ፣ ጥርብ ድንጋዩም ለሚፈልገው ሁሉ የድንጋይ ካባ ሆነ፤ ሰሌዳውን ያነበበ እንግዳ ‹ሄንሪ 8ኛ አፈረሰው› ብሎ የሚያልፈው ለዚህ ነው። ግን የከተማው ሰው አንድም እንባ ያፈሰሰ አይመስለኝም፤ ምክንያቱን የሚያሳየው ደግሞ የመጨረሻው ማረፊያችን ነው። ከዚያ በፊት ጊዜ ካለ ወደ ምሥራቅ ወርዶ ላርክ ወንዝ ላይ ያለውን የ13ኛው መቶ ዓመት የአበምኔቱን ድልድይ ማየት፣ ከዚያም በአበባው መካከል መመለስ ይቻላል። የአትክልቱ መግቢያ በነፃ ነው፣ ሲመሽ ግን ይዘጋል።

አሁን በታላቁ የገዳም በር ወደ ኤንጅል ሂል አደባባይ ይውጡና መንገዱን ተሻግረው ፊትዎን ወደ በሩ ይመልሱ። በ1327 ከተሜው አመፀ፤ ገዳሙን ዘረፈ፣ የቀድሞውን በር አፈረሰ፣ በማግስቱ ዓመትም አበምኔቱ ታፍኖ ከባሕር ማዶ እስከ ብራባንት ተወሰደ። በ1381 ደግሞ ገበሬዎች ባመፁ ጊዜ የገዳሙ ምክትልና የአገሪቱ ዋና ዳኛ ራሳቸው ተቆርጦ በገበያው አደባባይ፣ ዛሬ ጠዋት ቲማቲም በተሸጠበት ስፍራ፣ ተሰቅሎ ታየ። ከሁለቱ አመፆች መካከል የተሠራው ይህ በር ሲያዩት በቅርጽ ያጌጠ ነው፤ ነገር ግን ሐውልት ይቆምባቸው ከነበሩት ጎድጓዶች በስተጀርባ የቀስት መወርወሪያ ቀዳዳዎች አሉ። ቅርብ ሆነው ጎድጓዶቹን አንድ በአንድ ቢመለከቷቸው ጠባቦቹን ሽንቁሮች ያገኟቸዋል፤ በቅስቱ ውስጥም ከላይ የሚወርደው የብረት መዝጊያ ይንሸራተትበት የነበረው ቦይ ይታያል። ቀስቱ የተነጣጠረው ወደ ባዕድ ጦር ሳይሆን እርስዎ አሁን ወደ ቆሙበት፣ ከገበያ ወደሚወርደው ሰው ነው። ከተሜው የራሱን ከተማ በራሱ ለማስተዳደር የንጉሥ ደብዳቤ ያገኘው በ1606 ነው፤ ገዳሙ ከፈረሰ ሥልሳ ሰባት ዓመት በኋላ።

እዚያው አደባባይ ላይ ‹የጨው ዓምድ› የሚል ቅጽል ያለው የ1935 የመንገድ ምልክት ቆሟል፤ የመንገድ ምልክት በቅርስነት መመዝገቡ ያስገርማል፣ ከዚያ ያለፈ ጊዜ ግን አይፈልግም። ኃይል የቀረው ሰው ወደ ደቡብ ወርዶ በ1819 ዊልያም ዊልኪንስ የሠራውን ቲያትር ሮያል ሊጨምር ይችላል። ይኸው መሐንዲስ በሎንዶን የብሔራዊ ሥዕል ቤተ መዘክርን ሠርቷል። ቲያትሩ በ1925 ተዘግቶ ለአርባ ዓመት የጎረቤቱ ቢራ ፋብሪካ በርሜል ማከማቻ ስለነበር ነው ሳይፈርስ የተረፈው። ትርዒት ወይም ልምምድ ከሌለ ውስጡን ማሳየታቸው የተለመደ ነው፣ ሆኖም አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል።

የገዳሙ በር ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ጠዋት በጥላ ውስጥ ነው፤ ፎቶግራፍ የሚፈልግ ሰው ለመጨረሻ ያስቀመጠው በዚህም ምክንያት ይጠቀማል። ከቀኑ አሥር ሰዓት አካባቢ የበጋ ፀሐይ በጎድጓዶቹ ላይ ሲወድቅ ሽንቁሮቹ ጠቁረው ይለያሉ። ወደ ጣቢያው የሚወስደው ኖርዝጌት ስትሪት ከአደባባዩ ሰሜናዊ ጫፍ ይጀምራል፤ ባቡሩ ሃያ አምስት ደቂቃ ሲቀረው መነሣት በቂ ነው።